በሰማይ የሚረጋ መድኃኒት

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ተመካክረው የተጻፉ ይመስላሉ። ሦስቱ የሚጠይቁት ስለ ጠፈር ነው። አራተኛው ስለ ማር ነው፤ እሱም ዞሮ ዞሮ እዚያው ገባልኝ። መብራት ስላልጠፋ አራቱንም በአንድ ማታ ጨረስኳቸው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማወራው።

«ጋሼ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። የምጽፍልዎ ከኮዬ ፈጬ ነው። አባቴ ስኳር አለበት፤ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን የምወጋው እኔ ነኝ። ባለፈው የአክስቴ ልጅ መጥቶ ‹ከእንግዲህ መድኃኒት የሚሠራው ሰማይ ላይ ነው፤ ጠፈር ላይ የፕሮቲን ክሪስታል እያሳደጉ ነው› አለኝ። ስልኩ ላይ ቪዲዮም አሳየኝ። እውነት ነው? እኔ ክሪስታል ሲባል የማውቀው የብርጭቆ ዕቃ ነው። ደግሞስ መሬት ላይ ምን ጠፋና ነው ሰማይ ድረስ የሚኬደው? ለአባቴ የሚጠቅም ነገር ካለው ይንገሩኝ።» የአባቷ ልጅ

የኔ ልጅ፣ ከሰማዩ በፊት ፍሪጁን ክፈቺና የአባትሽን ኢንሱሊን አውጪ። ሁለት ዓይነት የሚወስዱ ከሆነ አንዱ ብልቃጥ እንደ ውሃ የጠራ ነው። ሌላው ደፍረስ ያለ ነው፤ ወተት ጠብ የተደረገበት ውሃ ይመስላል። ይሄ ደፍራሹ ሳይነካ ሲያድር ነጩ ነገር ታች ይዘቅጥና ከላይ ጥርት ያለ ፈሳሽ ይቀራል። መቼም አይተሽዋል። ያ ታች የተኛው ነጭ ነገር የፕሮቲን ክሪስታል ነው።

የብርጭቆውን ነገር እርሺው። ሻጮቹ ስሙን ወስደውት ነው እንጂ ብርጭቆ ጭራሽ ክሪስታል አይደለም። አንድ ዓይነት ቅንጣቶች ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ዞረው በሰልፍ ሲደረደሩ ነው ክሪስታል የሚባለው። ጨው ክሪስታል ነው። ስኳርም ነው። ኢንሱሊን ፕሮቲን ነው፤ ሁኔታው ከተመቻቸለት እሱም ይሰለፋል። ኤን ፒ ኤች የሚባለውን ደፍራሽ ኢንሱሊን በ1946 ያወጡት ዴንማርኮች ናቸው። ኢንሱሊኑን ፕሮታሚን ከሚባል ሌላ ፕሮቲንና ከትንሽ ዚንክ ጋር አንድ ላይ ክሪስታል አደረጉት። ቆዳ ሥር ሲገባ ክሪስታሉ ቀስ እያለ ነው የሚሟሟው። ስለዚህ ከጠራው ይልቅ ረጅም ሰዓት ይሠራል። እንግዲህ የአክስትሽ ልጅ ቪዲዮ ሳያሳይሽ በፊትም አንቺ ክሪስታል ስትወጊ ኖረሻል።

እኔ 27 ዓመት የፋርማሲ መስኮት ላይ ቆሜያለሁ። አንድ ቀን አንድ ጎልማሳ መጥቶ ብልቃጡን ባንኮኒው ላይ ዱብ አደረገው። «መድኃኒታችሁ ውሃ ነው» አለኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ተወግቶ ስኳሩ አልወርድ ብሎታል። ብልቃጡን ወደ መብራቱ አነሳሁት። የውስጥ ግድግዳው ላይ፣ ውርጭ የመታው መስኮት ይመስል፣ ነጭ ቅርፊት ተለጥፏል። ታች ደግሞ እንደ አይብ የጓጎለ ነገር አለ። በመዳፌ አንከባለልኩት። አልበተን አለ።

«የት ነበር ያስቀመጡት?»

«እንዳይበላሽ ብዬ ፍሪዘር ውስጥ ነዋ!»

ክሪስታሎቹ በበረዶው እርስ በርስ ተጣብቀዋል። አንድ ቀን በሲሪንጅ ሲስብ ባዶ ፈሳሽ ይመጣለታል፤ ሌላ ቀን ጓል። በብልቃጡ ላይ የተጻፈው ስም ያው ነው። የፈረሰው አሰላለፉ ነው። ስለ ክሪስታል ሳነብ ሁልጊዜ ፊቴ ድቅን የሚለው የእሱ ብልቃጥ ነው፤ ጠፈር ላይ የሚፈለገውም የዚያ ተቃራኒ ነው። እኩል የሆነ፣ ያልተጓጎለ፣ ረጋ ብሎ ያደገ ክሪስታል።

መሬት ላይ ምን ጠፋ ላልሽው፣ የጠፋው ፀጥታ ነው።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ሌሊት ነው፤ ሲመጣም ደፍርሶ። ባለቤቴ በባልዲ ትቀዳና እስኪሰክን ትተወዋለች። ሻካራው አሸዋ ገና ባልዲው ሳይሞላ ታች ደርሷል። ደቃቁ አፈር እስከ ጠዋት ይንሳፈፋል። ሲነጋ ሁሉም ታች ተጋግሮ ይገኛል። መሬት ላይ በፈሳሽ ውስጥ የሚያድግ ክሪስታልም ዕጣው ይኸው ነው። ከበድ ሲል ይዘቅጣል። አንዱ በሌላው ላይ ይወድቅና ተጣብቀው ያድጋሉ።

ሁለተኛው ጣጣ ለዓይን አይታይም። ክሪስታል የሚያድገው ከዙሪያው ካለው ፈሳሽ ፕሮቲን እየለቀመ ነው። የተለቀመበት ፈሳሽ ይቀላል። የቀለለው ወደ ላይ ይወጣል፤ የጣድሽው ውሃ ከታች ሞቆ ወደ ላይ እንደሚገለበጠው ማለት ነው። በቦታው ሌላ ፈሳሽ ይተካል፣ ከነቆሻሻው። ስለዚህ ክሪስታሉ ዙሪያ ትንሽ ግን የማያቋርጥ ግርግር አለ። የደረሱት ቅንጣቶች ቦታቸውን በወጉ ሳይዙ ሌሎች ይመጡባቸዋል። መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ከኋላ የሚገፋ ሲበዛ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ።

ክብደት በማይሰማበት ቦታ ግን የቀለለ የለ፣ የከበደ የለ። የሚዘቅጥ የለም፤ የሚገለበጥም የለም። ቅንጣቶቹ በራሳቸው ወዲያ ወዲህ እያሉ አንድ በአንድ ይደርሳሉ። ክሪስታሉ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ቆሻሻውም ቶሎ አይደርስበትም።

ይሄ ሁሉ ድካም ለምን ካልሽ፣ የመጀመሪያው ምክንያት ፎቶ ነው። ልክሽን ሳይወስድ ቀሚስ የሚሰፋልሽ ሰፊ የለም። መድኃኒት ሠሪም የበሽታውን ፕሮቲን ቅርጽ ካላወቀ የሚሰፋው በግምት ነው። ፕሮቲን ደግሞ እኛ በምናውቀው ማይክሮስኮፕ ቅርጹ አይታይም። ስለዚህ ክሪስታል ያደርጉትና ራጅ ይለቁበታል። ራጁ ተበትኖ የሚተወውን ነጠብጣብ አይተው ቅርጹን በስሌት ያወጡታል። አንድ ቅንጣት ብቻውን የሚበትነው ራጅ ከምንም አይቆጠርም። ሰርግ ድንኳን ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን ቢያጨበጭብ ከአጥር ውጭ አይሰማም። ድንኳኑ በሙሉ እኩል ሲያጨበጭብ ግን ኮዬ ፈጬ የተደገሰው ቱሉ ዲምቱ ይሰማል። እኩል ካልሆነ ደግሞ ጫጫታ ነው።

እንግሊዛዊቷ ዶሮቲ ሆጅኪን ኢንሱሊንን በራጅ ያነሳችው በ1935 ነው። ቅርጹን የፈታችው በ1969። መሐል ላይ የፔኒሲሊንንና የቫይታሚን ቢ12ን ቅርጽ ፈትታ በ1964 ኖቤል ተሸልማለች። የመገጣጠሚያ በሽታም ጣቶቿን አጣሞባት ነበር። ኢንሱሊኑ ግን 34 ዓመት አስጠበቃት። እኔ የሰማዩን ወሬ ስሰማ ከጠፈርተኞቹ በፊት ትዝ የምትለኝ እሷ ናት።

ሰማይ ላይ መሞከር የተጀመረው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። ጀርመናዊው ዋልተር ሊትኬ በ1983 በአሜሪካ መንኮራኩር ሁለት ፕሮቲን ላከ። አንዱ ከእንቁላል ነጩ የሚወጣው ላይሶዛይም ነው። ያደጉት ክሪስታሎች ከመሬቶቹ በጣም ይበልጡ ነበር፤ ዓለም ጉድ አለ። በ1992 አሜሪካዊው ተመራማሪ ላሪ ዴሉካስ ራሱ ኮሎምቢያ መንኮራኩር ላይ ወጥቶ ሁለት ሳምንት ገደማ ክሪስታሎቹን በእጁ ተንከባከበ።

ከዚያ ወሬው ከፍሬው ቀደመ። ቪዲዮው ይሄን አይነግርሽም። አንዳንዱ ፕሮቲን ጠፈር ላይ አማረበት፤ አንዳንዱ ያው ሆነ፤ የባሰበትም አለ። በ2000 የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ነገሩን መርምሮ ውጤቱ እዚህም እዚያም የማይባል ነው አለ። ያን ሁሉ ወጪ አስበሽ «ታዲያ ለምን?» ብትይ አልፈርድብሽም። እኔም ብዙ ጊዜ ብያለሁ።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ የኪትሩዳ ነገር ነው። ኪትሩዳ የካንሰር መድኃኒት ነው፤ ፕሮቲን ነው፤ በደም ሥር ግማሽ ሰዓት እየተንጠባጠበ ነው የሚሰጠው። አምራቹ ሜርክ በፌብሩዋሪ 2017 ይሄን ፕሮቲን ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላከ። አሁን ፎቶ ፍለጋ አይደለም። መድኃኒቱን ራሱን እንደ አባትሽ ደፍራሽ ኢንሱሊን አድርጎ ቆዳ ሥር መወጋት ይቻል እንደሆነ ለማየት ነው። ክሪስታል ሲሆን ብዙ መድኃኒት ትንሽ ፈሳሽ ውስጥ ይገባል፤ ሲሪንጁንም አያንቀውም። መሬት ላይ የረጋው ክሪስታል መጠኑ ሁለት ዓይነት ሆነ። አንዱ ክፍል 13 ማይክሮሜትር ገደማ፣ ሌላው 102። ጠፈር ላይ የረጋው ግን ሁሉም 39 አካባቢ ሆነ። (ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው።) ፈሳሹም ቀጠነ፤ ሲዘቅጥም እኩል ዘቀጠ። ይሄን ሳነብ ያ ባንኮኒዬ ላይ ዱብ ያለው ብልቃጥ መጣብኝ። ለፋርማሲስት ከዚህ የበለጠ ዜና የለም።

ሆኖም እውነቱን ልጨርስልሽ። በሴፕቴምበር 2025 አሜሪካ ቆዳ ሥር የሚወጋውን ኪትሩዳ ፈቀደች። እሱ ግን የመጣው በክሪስታል መንገድ አይደለም፤ ከቆዳ ሥር ያለውን ነገር የሚያላላ ኢንዛይም ተቀላቅሎበት ነው። ጠፈሩ አስተማረ እንጂ ብልቃጥ አልሞላም። ተመራማሪዎቹ ከላይ ያዩትን ይዘው መሬት ላይ ፈሳሹን ቀስ አድርገው እያሽከረከሩ ክሪስታሉ እንዳይዘቅጥ ማድረግ ጀመሩ። አይገርምሽም? አንቺ ጠዋትና ማታ በመዳፍሽ የምታደርጊውን ነው።

መድኃኒት እዚያው እየሠሩ ማውረድም ተሞክሯል። ቫርዳ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ በ2023 ሰው የሌለበት ካፕሱል አመጠቀና ሪቶናቪር የሚባለውን የኤችአይቪ መድኃኒት እዚያ ክሪስታል አድርጎ በፌብሩዋሪ 2024 ዩታ በረሃ ላይ አወረደው። ሪቶናቪር ፕሮቲን አይደለም። የክሪስታልን ጣጣ ግን እንደሱ ያሳየ የለም። በ1998 ሳይታሰብ ሌላ ዓይነት ክሪስታል ሆኖ መርጋት ጀመረ። አዲሱ በደንብ ስለማይሟሟ እንክብሉ ከገበያ ወጣ። ቅመሙ ያው፣ አሰላለፉ ሌላ።

ስለዚህ ለአባትሽ ከሰማይ የሚወርድ ኢንሱሊን አትጠብቂ። ደፍራሹን ከመሳብሽ በፊት በሁለት መዳፍሽ መሐል አሥር ጊዜ ያህል አንከባልይው፤ እኩል ነጭ እስኪሆን። እንደ እርጎ አትናጪው። ፍሪጅ ውስጥ ከበረዶው ግድግዳ አርቂው። መብራት ሄደ ብለሽም አትደንግጪ፤ የተከፈተው ብልቃጥ ፀሐይና ሙቀት ካልነካው ከፍሪጅ ውጭም ሳምንታት ይቆያል። ስንት ቀን እንደሆነ ካርቶኑ ውስጥ ያለው ወረቀት ላይ አለ፤ እንደየአምራቹ ይለያያል። ተንከባሎም የማይበተን ጓል ካየሽ አትወጊያቸው። ይዘሽው ፋርማሲ ሂጂ። ባንኮኒው ላይ ዱብ አታድርጊው ብቻ።

«ጋሼ፣ ጠፈር ጣቢያ ላይ ስበት የለም ይባላል። የፊዚክስ መምህራችን ግን ‹አለ› አለን። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ማን ነው ትክክል?» የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከሰበታ

መምህርህ። ጣቢያው ያለው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ በመኪና እንደመሄድ ነው፣ ወደ ላይ ሆነ እንጂ። እዚያ ያለው ስበት እዚህ ካለው 90 በመቶ ያህል ነው። ሰዎቹ የሚንሳፈፉት ከነጣቢያቸው እየወደቁ ስለሆነ ነው። በሰዓት 28,000 ኪሎ ሜትር ወደ ጎን እየበረሩ ስለሚወድቁ፣ መሬት ደግሞ ክብ ስለሆነች፣ ወድቀው አይጨርሱም።

ካላመንክ ባዶ ሃይላንድ ፈልግ። ታች ጎኑን በሚስማር ብሳው፤ ውሃ ሙላውና ክዳኑን አውልቅ። በቀዳዳው ይፈሳል። አሁን ከፎቅ ልቀቀው። እየወደቀ ሳለ መፍሰሱን ያቆማል! ውሃውም ላስቲኩም እኩል ስለሚወድቁ አንዱ ሌላውን አይጫነውም። የጠፈር ጣቢያው ሁኔታ ይሄ ነው፤ ልዩነቱ የኛ ፎቅ የሚሰጥህ አንድ ሰከንድ ተኩል ገደማ ነው።

የልጄ ልጅ ጥር ላይ ከበረንዳችን ለቀቀው። ጓደኛው ከታች በስልክ ቀርጾት ነበር። ቀስ አድርገው ሲያሳዩኝ ቀዳዳው ላይ ጠብታ የለም። የአንደኛ ፎቋ ጎረቤታችን ግን ታች በርበሬ አስጥታ ነበር። ሃይላንዱ መሐሉ ላይ ፈነዳ። እስካሁን ሰላምታዋ ቀዝቀዝ ያለ ነው። አንተ ከመልቀቅህ በፊት ታች ሰው አለመኖሩን እይ። በርበሬም።

«ኮምፒውተር የፕሮቲንን ቅርጽ መተንበይ ችሏል፤ ኖቤልም ተሰጥቶበታል። ታዲያ ክሪስታል ማሳደግ፣ ያውም ጠፈር ላይ፣ ጊዜው አላለፈበትም?» የሶፍትዌር ባለሙያ፣ ከለገጣፎ

ግማሹን ልክ ነህ። አልፋፎልድን ማለትህ ነው፤ የ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል ግማሽ ለዴሚስ ሃሳቢስና ለጆን ጃምፐር የሄደው በሱ ነው። ለቅርጽ ፍለጋ ብቻ ሰማይ መውጣት ድሮም አጠያያቂ ነበር፤ አሁን ብሶበታል። ግን ፕሮግራሙ የተማረው ከየት ነው? ከ1971 ጀምሮ በአንድ ቋት ከተጠራቀሙ ከመቶ ሺህ በላይ ቅርጾች ነው። አብዛኛዎቹ የተገኙት በክሪስታልና በራጅ ነው። ባለሙያ ስለሆንክ ያለ ዳታ ሞዴል እንደሌለ ለአንተ አልነግርህም።

ደግሞ ከላይ ለኮዬ ፈጬዋ ልጅ የጻፍኩትን አንብበው። ኮምፒውተሩ ቅርጹን ይነግርሃል። መድኃኒቱ ብልቃጥ ውስጥ ይጓጉል አይጓጉል፣ በቀጭን መርፌ ይለፍ አይለፍ፣ አሁንም ሰው ሠርቶ ነው የሚያየው።

«ጋሼ፣ ለዓመታት ደንበኛዬ ከሆነች ሴት አንድ ኪሎ ማር ገዛሁ። ሲገዛ ይፈስ ነበር። በወሩ እንደ ስኳር ሻክሮ ረጋ። ስኳር ደባልቃብኛለች ብዬ ገበያ መሐል ተጣላኋት። ማሩን ልጣለው?» ተናዳጇ፣ ከሱሉልታ

አንቺ ሴት፣ እንዳትጥይው! መርጋቱ ብቻውን የስኳር ማስረጃ አይደለም። ንጹሕ ማርም ይረጋል። ማር ውስጥ በተፈጥሮው ግሉኮስና ፍሩክቶስ የሚባሉ ሁለት ዓይነት ስኳሮች አሉ። ግሉኮሱ ውሃው ከሚችለው በላይ ስለሆነ ቀስ በቀስ ክሪስታል እየሆነ ይወጣል። ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያለ ቅዝቃዜ በጣም ይመቸዋል። ይሄ የሱሉልታ ጓዳ ማለት ነው። ጥቂት ክሪስታሎች ቀስ ብለው ካደጉ ይሻክራል፤ ብዙ ደቃቆች በአንዴ ከተነሱ እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። ከላይ ሦስት ገጽ ስለ ክሪስታል መጠን የዘበዘብኩት ከማንኪያሽ ላይ ነበር ለካ።

የተደባለቀ ማር የለም እያልኩሽ አይደለም፤ ሞልቷል። ግን ያ በምላስና በመርጋት አይፈረድም፤ ላቦራቶሪ ይፈልጋል። ደንበኛሽን በሚቀጥለው ገበያ ሂጂና ይቅርታ ጠይቂያት። ገበያ መሐል ከተጣላሻት ይቅርታውም ገበያ መሐል ይሁን።

እንዲፈስልሽ ከፈለግሽ ዕቃውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አስቀምጪው፤ እሳት ላይ አትጣጂው። እኔ ግን የረጋውን ነው የምወደው። ዳቦ ላይ ሲቀቡት ክንድ ላይ አይወርድም።